ቮልስ በሴንትሩም

የኦስሎ መሐል ከተማ፣ ነዋሪዎቹ ሴንትሩም የሚሉት፣ አሮጌ መኪና ለማቆየት እጅግ ከማይመቹ የዓለም ሥፍራዎች አንዱ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከማዕከላዊው ባቡር ጣቢያ ወደ ቤተ መንግሥቱ የሚወጣው የካርል ዮሃን ጎዳና ጉልህ ክፍሉ ለእግረኛ ብቻ የተተወ ነው፤ የማዘጋጃ ቤቱ አደባባይ ቀድሞ መኪና የሚተራመስበት መተላለፊያ የነበረ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1990 በመሐል ከተማው ሥር ዋሻ ተከፍቶ መኪናው ወደ ምድር ውስጥ ከወረደ በኋላ ከ1994 ጀምሮ የእግረኛና የርግብ ሆኗል። በዚያው በ1990 ወደ ከተማው የሚገባ ባለ መኪና የመንገድ ክፍያ እንዲከፍል ተደንግጓል፤ በ2015 ሥልጣን የያዘው የከተማው አስተዳደር ደግሞ መሐሉን ከመኪና ነጻ የማድረግ ዕቅድ ይዞ ከ700 በላይ የመንገድ ዳር ማቆሚያዎችን አንሥቶ አግዳሚ ወንበር፣ የአበባ ሣጥንና የብስክሌት መንገድ ተክቶባቸዋል። ይህ ሁሉ ሆኖ ሳለ፣ በዚሁ በሴንትሩም በሚገኙ ጠባብ አፓርታማዎች ውስጥ ማታ ማታ ስልኩን ይዞ የአሮጌ መኪና ማስታወቂያ የሚያገላብጥ ሰው አይጠፋም፤ ከእነዚህም መካከል የልጅነቱን ቮልስዋገን የሚያፈላልግ ኢትዮጵያዊ ይገኝበታል። እንዲህ ያለው ሰው ጤንነቱን ቤተሰቡ ቢጠራጠርም፣ ነገሩ በጥሞና ሲመረመር ከግል ጠባይ ይልቅ የቀረጥ፣ የጨውና የጋራዥ ጉዳይ ሆኖ ይገኛል።

በኖርዌይ ልማድ ቬቴራንቢል የሚባለው፣ ማለትም ባለ ማዕረግ አሮጌ መኪና፣ 30 ዓመት የሞላው ተሽከርካሪ ነው። መኪናው ይህን ዕድሜ ሲደፍን መንግሥት እንደ ጡረተኛ ሊንከባከበው ይጀምራል፤ የግብሩ ሸክም ይቀልላል፣ የቴክኒክ ምርመራው፣ አዲስ አበባ ላይ ቦሎ ለማግኘት እንደሚደረገው ዓይነት፣ ከሌሎቹ መኪኖች በተራራቀ ጊዜ ይደረጋል፣ የመድን ዋጋውም ይወርዳል። ይሁን እንጂ ለአሮጌ መኪና የሚሰጠው ርካሽ መድን አንድ ግዴታ ያስከትላል፤ መኪናው የየቀኑ መመላለሻ እንዳይሆን፣ ባለቤቱም ለዘወትር ሥራው ሌላ መኪና እንዲኖረው ይፈለጋል። በሌላ አነጋገር አሮጌ መኪና በርካሽ ለመንዳት በቅድሚያ አዲስ መኪና መያዝ ያስፈልጋል ማለት ሲሆን፣ ይህ አሠራር አዲስ አበባ ላይ በአሮጌ መኪና ሲሠራ ውሎ ማታ በዚያው ለሚገባ ሰው ለማስረዳት ብዙ ትዕግሥት ይጠይቃል። ደንቡ ወደ ኢትዮጵያ ቢሻገር የሚከተለው ውጤት ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የተሠራው ቶዮታ ዲኤክስ፣ ሰማያዊና ነጭ የተቀባው ላዳ ታክሲ፣ እንዲሁም ረዳቱ በመስኮት ወጥቶ የሚጣራበት ሚኒባስ ገሚሱ በአንድ ሌሊት ቅርስ ይሆንና፣ ከቦሌ ፒያሳ የሚጓዘው ተሳፋሪ ሙዚየም ውስጥ ተጋፍቶ እንደ ቆመ ይቆጠራል።

ሻጮችም ሆኑ ገዢዎች አሮጌ መኪናን በሁለት ይከፍሉታል። የመጀመሪያው ተነድቶ የሚሄደው ነው፤ ይህ ጭረትና ጩኸት ቢኖርበትም ቁልፉ ሲዞር ይነሣል፣ ታርጋውም በሥራ ላይ ነው። ሁለተኛው ፕሮጀክት የሚባለው ነው፤ ይህ ተፈትቶ፣ ተበይዶ፣ ተቀብቶና ተገጥሞ ወደ ቀድሞ መልኩ እንዲመለስ የታሰበ ሲሆን፣ የታሰበው ግን ብዙውን ጊዜ በቀድሞው ባለቤት፣ አንዳንዴም ከእርሱ በፊት በነበረው ነው። ፕሮጀክት ከባለቤት ወደ ባለቤት ሲተላለፍ አብረው የሚተላለፉት ሦስት ካርቶን ብሎኖች አሉ፤ የትኛው ብሎን ከየት እንደ ወጣ የሚያውቀው ሰው መኪናውን ከሸጠው ቆይቷል።

አሮጌ መኪናን ጠብቆ ለትውልድ የሚያቆየው ፍቅር ነው የሚለው በሰፊው የተለመደ አስተያየት በማስረጃ ሲታይ ብዙም አይጸናም። በሁለቱም አገሮች አሮጌ መኪናን ከሞት ያተረፈው ዋነኛ ኃይል የቀረጥ ሠራተኛው ነው፤ ምንም እንኳ እስከ ዛሬ የትም ሐውልት ባይቆምለትም። ኖርዌይ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የውጭ ምንዛሪ ስላጠራት የግል መኪና የሚገዛው በፈቃድ ብቻ ነበር፤ ይህ ቁጥጥር የተነሣው በ1960 ሲሆን፣ እስከዚያ ድረስ ፈቃድ ያላገኘ ሰው ከምሥራቅ አውሮፓ በሚመጡትና በቀለለ ሁኔታ በሚገኙት ሞስኮቪችና ስኮዳ ይጽናና ነበር። በ1955 ደግሞ የአንድ ጊዜ ቀረጥ የሚባለው፣ ማለትም አንድ መኪና በአገሪቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲመዘገብ የሚከፈለው ከባድ ግብር፣ ሥራ ላይ ዋለ። አዲስ መኪና በዚህ መንገድ ሲወደድ ያለውን መጠገን ብልህነት ሆነ፤ ብዙ ኖርዌጂያኖች ስለ ቅርስ ጥበቃ አንዲት ቃል ሳይናገሩ የአባታቸውን መኪና በጎተራ አስቀመጡ። በኢትዮጵያ በኩል በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ከሰባት ዓመት በላይ ያገለገለ መኪና ለማስገባት እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ግብር ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። በዚህ ምክንያት አገር ውስጥ ቀድሞ የገባ ማንኛውም ባለ ነዳጅ መኪና፣ የቱንም ያህል ቢያረጅ፣ ተተኪ የሌለው ዘር ሆኖ ቀርቷል፤ ባለቤቱም ስለዚህ ነገር ከደላላው ቀድሞ ሰምቷል።

ልዩነቱ የሚታየው መኪናው ሲሞት ነው። የኖርዌይ መንግሥት ከ1978 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መኪናውን ለቁርጥራጭ ብረት ላስረከበ ሰው ገንዘብ ይከፍላል፤ ይህ ገንዘብ ቆሻሻ ብረት በየጫካው እንዳይጣል ታስቦ የመጣ ቢሆንም፣ ዛሬ በከፍተኛ ዋጋ የሚፈለጉ ስንትና ስንት መኪኖችን ወደ መፍጫ እንደ ነዳ መገመት አያዳግትም። በአዲስ አበባ ግን መኪና አይሞትም። አንዱ አካሉ ቢደክም ሌላው መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ወርዶ ለሌላ መኪና ሕይወት ይሆናል፤ በሩ ቄራ፣ ካምቢዮው ደብረ ብርሃን፣ ኮፈኑ አዳማ ይገኝ ይሆናል እንጂ ጠፋ አይባልም።

ኢትዮጵያዊው ሴንትሩም ውስጥ ሆኖ ከሁሉ አስበልጦ የሚፈልገው ቮልስዋገን የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። ይህች በተለምዶ ቮልስ የምትባለው ባለ ሁለት በር መኪና ሞተሯ ከኋላ ነው፤ በአየር ስለሚቀዘቅዝ ራዲያተር የለውም፣ ራዲያተር ስለሌለው ውኃ አይፈላበትም፣ ውኃ ስለማይፈላበት የእንጦጦን ዳገት ለመውጣት ጀሪካን ይዞ መሄድ አያሻም። ካንዴላ፣ ካርቡራተርና ፍሪሲዮን በመሠረታዊ መሣሪያ የሚስተካከሉ በመሆናቸው የአዲስ አበባ መካኒኮች ብዙዎች ሙያቸውን የጀመሩት በእርሷ ላይ ነው። በአገሪቱ ታሪክም ቦታ አላት፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከዙፋናቸው የወረዱት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሮልስ ሮይስ የሞላበትን የመኪና ማደሪያ ትተው ከቤተ መንግሥታቸው የተወሰዱት በአንዲት ቮልስዋገን የኋላ ወንበር ተቀምጠው ነው። ወደ ኖርዌይ መግባት የጀመረችው በ1948 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ የግዢ ቁጥጥሩ በተነሣባቸው ዓመታት ከተሸጡት መኪኖች ቀዳሚዎች ውስጥ ነበረች። የመጨረሻዋ በሐምሌ 2003 እ.ኤ.አ. በሜክሲኮ፣ ፑዌብላ ከተማ ከፋብሪካ ስትወጣ አጠቃላይ ቁጥሯ 21,529,464 ደርሶ ነበር። እንግዲህ ከሃያ አንድ ሚሊዮን በላይ የተሠራን ነገር ብርቅ ብሎ ለመግዛት ልዩ ዓይነት ልብ ያስፈልጋል።

የማስታወቂያው ቋንቋ የራሱ ሰዋስው አለው። ሎቬፉን የሚባለው የጎተራ ግኝት ነው፤ ይህም መኪናው ለብዙ ዓመታት በገበሬ ጎተራ ውስጥ ተረስቶ ኖሮ አሁን ብቅ አለ ማለት ሲሆን፣ ሻጩ አቧራውን ሆነ ብሎ ሳይጠርግ ፎቶ ያነሣዋል፣ ምክንያቱም አቧራው ዋጋ አለው። «ጥቂት ዝገት» ማለት ወለሉን አልፎ መሬት ይታያል ማለት ነው። «ሲቆም ይሠራ ነበር» የሚለው ዓረፍተ ነገር ደግሞ ለማስተባበል የሚያስቸግር ነው፤ በዓለም ላይ ያለ መኪና ሁሉ ሥራ እስካቆመበት ቅጽበት ድረስ ይሠራ ነበርና። «በቦታ ጥበት ምክንያት» የሚለው የጋብቻን ሁኔታ ያመለክታል።

ከዚህ ጋር ተያይዞ ሊነሣ የሚገባው አንድ ችግር አለ። በአዲስ አበባ የመኪና ገበያ የሠለጠነ ገዢ ኦስሎ ላይ ሻጩን ፊት ለፊት ሲያገኘው ይደናገራል፤ ሻጩ ሳይጠየቅ የመኪናውን ሕመም ከፍሬኑ እስከ ማርሚታው በረጋ ድምፅ ይዘረዝርለታልና። ሐቀኝነቱ የተለመደ ቢሆንም፣ ደላላ እየማለ ሲያሞግስ የማመዛዘን ልምድ ያካበተው ገዢ «ይህን ያህሉን ከነገረኝ የደበቀውማ ምን ያህል ይሆን!» ብሎ ይሠጋል። ሥጋቱ መሠረት የለውም፤ ሻጩ የደበቀው ነገር የለም፣ ያሳነሰው ቃላቱን ብቻ ነው። ለገዢው ከባዱ ነገር ሌላ ነው፤ በዚህ ገበያ ደላላ ስለሌለ ኋላ ነገሩ ሲበላሽ የሚወቀስ ሦስተኛ ሰው አይገኝም።

ከስልክ ማስታወቂያ ይልቅ ብረቱን በእጁ ዳስሶ መግዛት የሚሻ ሰው ከመሐል ከተማው በስተ ደቡብ ምሥራቅ ወዳለው የኤኬበርግ ሜዳ ይወጣል፤ እዚያ በፀደይና በመጸው የአሮጌ መኪናና የመለዋወጫ ገበያ ይቆማል። ሣሩ ላይ በተዘረጋ ሸራ የተደረደሩ የፊት መብራቶች፣ ቼርኪዮዎች፣ የፍጥነት መቁጠሪያዎችና ስማቸው የተረሳ የብረት ቁርጥራጮች ሶማሌ ተራን ለሚያውቅ ሰው እንግዳ አይደሉም፤ እንግዳ የሚሆንበት ጸጥታው ነው። ሁለት ሽማግሌዎች በአንድ ካርቡራተር ላይ ዋጋ ሲከራከሩ ከሩቅ ለሚያይ ጸሎት የሚያደርሱ ይመስላሉ።

መኪናው ከተገኘ በኋላ የሚደረገው ምርመራ ከጉዳዩ ሁሉ ዋነኛው ሲሆን፣ አዲስ አበባና ኦስሎ የሚለያዩትም እዚህ ላይ ነው። በአዲስ አበባ ገዢ ጆሮውን ለሞተሩ ይሰጣል፤ የሚፈራው ሞተሩ ዘይት እንዳይበላ፣ ካምቢዮው እንዳይጮህ፣ ሊብሬው ላይ ያለው ቁጥር ከሻንሲው ጋር እንዳይጣላ ነው። ከተማዋ ከፍታ ላይ ያለችና መንገዷ ላይ ጨው የማይበተንባት በመሆኗ የመኪና ብረት ሃምሳ ዓመት ቢቆይም ብዙውን ጊዜ ጤናማ ነው። የኦስሎ መንገድ ግን በክረምት በረዶውን ለማቅለጥ ጨው ይበተንበታል፤ ጨው ከውኃ ጋር ተዋሕዶ ላሜራ ውስጥ ሲገባ ዝገቱ የሚጀምረው ከውስጥ ወደ ውጭ ስለሆነ፣ ቀለሙ ላይ የአንዲት ሳንቲም ያህል እብጠት በታየ ጊዜ ከኋላው ያለው ብረት ጉዞውን ጨርሷል። ስለዚህ ኦስሎ ላይ ሞተሩን ማዳመጥ ሁለተኛ ነገር ነው፤ ሞተር ይገዛል፣ ወለል ግን ይበየዳል፣ የኖርዌይ በያጅም በሰዓት የሚያስከፍለው ዋጋ ለአንድ ደመወዝተኛ መንፈሳዊ ፈተና ነው።

በቮልስ ላይ የሚመረመሩ ቦታዎች የታወቁ ናቸው። በሁለቱ በሮች ሥር፣ ከኋላ ሞተር ሞቃት አየር ተቀብለው ወደ ፊት የሚያሳልፉ ባዶ የላሜራ ቦዮች ይገኛሉ፤ እነዚህ ቦዮች ማሞቂያ ብቻ ሳይሆኑ የመኪናውን አካል የሚሸከሙ ምሰሶዎችም በመሆናቸው፣ ሲበሰብሱ ሁለት ነገር አብሮ ይጠፋል፤ ሙቀቱም ጥንካሬውም። አዲስ አበባ ላይ ማሞቂያው መኖሩን እንኳ የማያውቅ ባለ ቮልስ ብዙ ነው፤ ታኅሣሥ ላይ ኦስሎ ውስጥ መስተዋቱ ከውስጥ በበረዶ ሲሸፈን ግን ቦዩ የት እንዳለ ይታወቃል። ቀጥሎ የኋላው ወንበር ይነሣል። ባትሪው የተቀመጠው ከእርሱ ሥር ነው፤ አሲዱ የሚያርፍበት ወለል ከሁሉ ቀድሞ ስለሚበላ እዚያ ቀዳዳ ካለ ሌላውም ጥሩ ነው ብሎ ማመን አይገባም። ባትሪው ላይ ክዳን መኖሩንም ማየት ያሻል፤ ክዳን ከሌለ የወንበሩ ስፕሪንግ በከባድ ተሳፋሪ ተጫኖ የባትሪውን ጫፎች ሲያገናኝ እሳት ሊነሣ ስለሚችል፣ ወፍራም አጎት ከኋላ ባይቀመጡ ይመረጣል። የሻንሲው ቁጥር የታተመውም በዚያው በኋላ ወንበር ሥር ስለሆነ፣ ከመዝገቡ ጋር ለማስተያየት ሌላ ጊዜ ማባከን አያስፈልግም።

በስቱኮ ተሞልቶ የተቀባ ላሜራን ለማወቅ በጨርቅ የተጠቀለለ ማግኔት በቂ ነው፤ ማግኔቱ በብረት ላይ ይያዛል፣ በስቱኮ ላይ ይወድቃል። ሞተሩን በተመለከተ ከሥር ያለው ትልቁ የቀበቶ መዘውር በእጅ ተይዞ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይገፋል፤ በግልጽ የሚሰማ የመላወስ ድምፅ ካለ ሞተሩ መውረዱ አይቀርም። እ.ኤ.አ. እስከ 1960ዎቹ አጋማሽ የተሠሩት አብዛኛዎቹ በ6 ቮልት የሚሠሩ ሲሆኑ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል አካባቢ በሚመሽበት በኖርዌይ ታኅሣሥ የእነዚህ መብራት ከመንገዱ ይልቅ ራሱን የሚያሳይ ነው።

ግዢው ከተፈጸመ በኋላ መኪናው የት ይደር የሚለው ጥያቄ ይነሣል። አዲስ አበባ ላይ ሰውዬው መኪናውን ደጁ ላይ አቁሞ፣ ሞተሩን አውርዶ በካርቶን ላይ ቢዘረጋው የሠፈሩ ልጆች ተሰብስበው ያዩታል፣ መንገደኛው ምክር ይለግሳል፣ ጎሚስታው ከማዶ መፍቻ ያውሳል። ሴንትሩም ውስጥ ብዙ የአፓርታማ ነዋሪዎች በቡሬትስላግ፣ ማለትም ሕንፃውን በጋራ በሚያስተዳድር የነዋሪዎች ማኅበር፣ የታቀፉ ናቸው፤ ግቢ ውስጥ አንዲት የዘይት ጠብታ በታየች በሳምንቱ ከማኅበሩ ቦርድ ትሕትና የተሞላበት ደብዳቤ ይደርሳል። በዚህ አገር ከጎረቤት ቁጣ ይልቅ የጎረቤት ትሕትና ያስፈራል። ስለዚህ ሰውዬው ከከተማው ወጣ ብሎ ጋራዥ ይከራያል፣ ወደ ጋራዡ የሚሄደውም በትራም ነው፤ እንዲህ ሆኖ መኪና ከገዛ በኋላ በሕዝብ ማመላለሻ የሚጓዘው ከቀድሞው ይበዛል።

በመጨረሻ የሚቀረው ለቤተሰብ ማስረዳት ነው። አዲስ አበባ ያሉ እናት በስልክ ሲሰሙ «ልጄ፣ አባትህ ቮልሱን ሸጦ አይደል ወይ የጉዞህን ወጪ የሸፈነው?» ይላሉ። ልጁም «እማዬ፣ ይቺ እኮ ቅርስ ናት» ቢል፣ «እኛም ቤት ሳለች ቅርስ ነበረች፤ ማን ነገረን!» የሚል መልስ ይጠብቀዋል። በዚህ ክርክር እናት ትክክል መሆናቸውን መካድ አይቻልም። በ2024 እ.ኤ.አ. ኖርዌይ ውስጥ ከተሸጡ 100 አዲስ መኪኖች 89 ያህሉ በኤሌክትሪክ የሚሠሩ ነበሩ፤ በዚያው ዓመት መስከረም ላይም በአገሪቱ የተመዘገቡ የኤሌክትሪክ መኪኖች ብዛት የቤንዚኖቹን አልፏል። የቮልስ ሞተር ድምፅ ሴንትሩም ላይ ሰው ሁሉ ዞር ብሎ የሚያየው የሆነው መንገዱ ዝም ስላለ እንጂ መኪናዋ ስለተለወጠች አይደለም፤ አዲስ አበባ፣ ሜክሲኮ አደባባይ ላይ ያንኑ ድምፅ የሚሰማ እግረኛ ቢዞር እንዳትገጨው ብሎ ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ፍርድ ግልጽ ነው። በሴንትሩም የሚኖር፣ የራሱ ጋራዥና የብየዳ ሙያ የሌለው ሰው ፕሮጀክት መግዛት የለበትም፤ ዋጋዋ ከፍ ቢልም ተነድታ የምትሄደዋን፣ ወለሏ የዳነውን፣ ቢቻል ጨው ከማያውቅ አገር የመጣችውን ይውሰድ፤ በሦስት ካርቶን ያለችው መኪና ተገጥማ ስታበቃ ተነድታ ከምትሄደዋ ይልቅ ውድ ሆና ትገኛለችና። ዋጋው የሚወርደው ሻጮች የክረምቱን ማደሪያ ኪራይ ማሰብ ሲጀምሩ ነው፤ ስለዚህ ለመግዛት የቆረጠ አንባቢ መኪናውን በመስከረምና በጥቅምት ይፈልግ፣ ጋራዡን ግን በነሐሴ ይከራይ።